ጥያቄና መልስ፦ ከወለሉ ሥር ያለው እርጥበት ከየት መጣ?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። አራቱም የሚጠይቁት በቤት ወለልና በመሬት መካከል ስለሚገኘው፣ ሰው በደረቱ ካልተሳበ በቀር ስለማይገባበት ጠባብ ቦታና በውስጡ ስለሚጠራቀመው እርጥበት ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ቦታ «ክሮል ስፔስ» እያሉ ስለሚጽፉልን እኛም ስሙን እንዳለ ወስደነዋል። የመጨረሻው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የተላከ ሲሆን፣ መልሱ ከመጀመሪያው መልስ ጋር የሚቃረን መስሎ ለሚታየው አንባቢ ምክንያቱን እዚያው ገልጸናል።

ጥያቄ፦ ከአትላንታ ከተማ ወጣ ብሎ በ1970ዎቹ የተሠራ ቤት ከገዛን 2 ዓመት ሆነን። ጁላይ ሲገባ ሳሎኑ የአሮጌ ጆንያ ሽታ መሽተት ይጀምራል፤ የእንጨቱ ወለልም በአንዳንድ ቦታ የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ከፍ፣ መሃሉ ደግሞ ዝቅ እያለ መጥቷል። ባለቤቴ ከወለሉ ሥር ገብቶ ሲያይ መሬቱ ላይ የተኛ ውሃ የለም፤ ነገር ግን በሞራሌዎቹ መካከል የተሰካው ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከለው ሽፋን) ረጥቦ ተንጠልጥሏል፣ የኤሲው ቱቦም ውሃ ያንጠባጥባል። በነፋስ ይደርቅ ይሆናል ብለን በመሠረቱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉትን የአየር መስኮቶች ሁሉ ከፈትን፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ፋንም አስገባን። እየባሰ ሄደ እንጂ አልተሻለም። ያጠፋነው ምንድን ነው? — ወ/ሮ ሰ. መ.፣ ጆርጂያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅር አይበልዎትና ቤቱን ውሃ ያጠጣው ፋኑ ነው። እርጥብ ነገር ነፋስ ሲያገኘው ይደርቃል የሚለው እምነት ለታጠበ ልብስም፣ ለተሰጣ በርበሬም እውነት ሆኖ ያደግንበት ስለሆነ፣ ከወለሉ ሥር እርጥበት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መስኮት መክፈት ነው። ሆኖም ነፋስ የሚያደርቀው የሚገባው አየር ከሚነካው ነገር ይልቅ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጆርጂያ የጁላይ አየር ደግሞ እንዲህ ያለ አየር አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። ከሰዓት በኋላ ውጭው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ፋራናይት፣ አንጻራዊ እርጥበቱም (አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) 60 በመቶ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 20 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ተሸክሟል። ይህ አየር በመስኮቶቹ ገብቶ ፀሐይ ከማያገኘው መሬትና ከላይ በኤሲ ከቀዘቀዘው ወለል ጋር ሲገናኝ ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል እንበል፤ በ22 ዲግሪ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ 19 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ከሁሉ የቀዘቀዘውን ነገር ፈልጎ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥበታል፤ የኤሲው ቱቦ፣ የቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ፣ ከወለሉ ወደ ታች ብቅ ያሉት የሚስማር ጫፎች ሁሉ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ የለስላሳ ጠርሙስ ያልባቸዋል። በአንድ ሜትር ኩብ ግማሽ ግራም ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቱቦው ከ22 ዲግሪ በጣም ያነሰ ቅዝቃዜ አለው፣ ፋኑም አየሩን ሳያቋርጥ እየለወጠ አዲስ ውሃ ያቀብለዋል። ጤዛ ባልታየበት ቦታ እንኳ አየሩ ለሙሌት የቀረበ ስለሆነ እንጨቱ ቀስ እያለ ይጠጣዋል።

የወለሉ መጣመም የመጣውም ከዚህ ነው። ጣውላው ከታች በኩል ጠጥቶ ሲያብጥ፣ ከላይ በኩል ኤሲው እያደረቀው ስለሚቀር ጠርዙ ይነሳል። አደራዎን አሁን አስልገው ለማስተካከል እንዳይቸኩሉ፤ ከሥር ያለው ሲደርቅ ጣውላው ብዙውን ጊዜ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እብጠቱ ሳይበርድ ጠርዙ ከተላገ ግን ሲደርቅ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። ሽታው ሳሎን የደረሰው ደግሞ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች፣ ከሁሉ በላይም በኤሲው የአየር መመለሻ ቱቦ መገጣጠሚያዎች በኩል ነው፤ ቱቦው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ በየስንጥቁ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል።

የጉዳቱን መጠን በአፍንጫ ከመገመት ሁለት መርፌ ያለውን የእንጨት እርጥበት መለኪያ ገዝቶ ሞራሌዎቹን መውጋት ይሻላል። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ እንጨቱ አይበሰብስም፤ ከ20 በላይ ከሆነ ጊዜ ሳይሰጡ መሥራት ያስፈልጋል፤ 28 ወይም 30 ከደረሰ እንጨት አብስባሹ ፈንገስ የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ነው። ሻጋታ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ በእንጨቱ ዙሪያ ያለው አየር ለረጅም ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ እንጨቱ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ይሻግታል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁትም ቅደም ተከተሉ ሲፋለስ ነው። ፋኑን ዛሬውኑ በማጥፋት ይጀምሩ። ከዚያም መስኮቶቹን ከመዝጋትዎ በፊት ከቤቱ ከራሱ የሚመጣ ውሃ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ሥር፣ የኤሲው ውሃ የሚወጣበትን ቀጭን ቱቦ ጫፍና የልብስ ማድረቂያውን የእንፋሎት ቱቦ ይመልከቱ። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው። በገዛሁት የመጀመሪያ ቤት ከወለሉ ሥር ያለው እርጥበት አልቀንስ ብሎኝ ውድ የሆነ እርጥበት መምጠጫ ማሽን አስገብቼ አንድ ዓመት ሙሉ ባልዲ ሙሉ ውሃ ስደፋ ኖርኩ። በመጨረሻ በእጅ ባትሪ እያበራሁ ወደ ማዕዘኑ ስሳብ፣ መሬቱ በግራጫ ጉድፍ እንደ አመዳይ ተሸፍኖ፣ ጉድፉም ረጥቦ እንደ ጭቃ ተጣብቆ አገኘሁት። የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ከግድግዳው ተላቅቆ የታጠበውን ልብስ ውሃ በሙሉ እዚያ ሲተነፍስ ከርሟል። የጥገናው ዋጋ ከ20 ዶላር አልበለጠም።

ቀጥሎ የሚመጣው መሬቱ ነው። የደረቀ የሚመስል አፈር አያታልልዎ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ መሬቱ ላይ አንጥፈው፣ ጠርዙን በድንጋይ ጭነው በማግስቱ ቢገልጡት ከላስቲኩ ሥር የውሃ ጠብታ ተደርድሮ ያገኙታል። ይህ ተን ቀንና ሌሊት ወደ ወለሉ ይወጣል። ስለዚህ ጠቅላላው መሬት ቢያንስ 6 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ባለው ፖሊኢትሊን ላስቲክ መሸፈን አለበት፤ እኔ ግን ሰው እየተሳበበት ሲሄድ እንዳይቀደድ 10 ወይም 12 ሚል የሆነውን እመርጣለሁ። መገጣጠሚያው ቢያንስ 6 ኢንች ተደራርቦ በራሱ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ጠርዙም በመሠረቱ ግድግዳና በየምሰሶው ላይ ቢያንስ 6 ኢንች ወጥቶ ይታሸጋል። ላስቲኩን እስከ ግድግዳው ጫፍ ለማድረስ ከወሰኑ ከላይ 3 ኢንች ያህል ባዶ ይተዉ፤ በእናንተ አካባቢ ምስጥ ብርቱ ስለሆነ፣ የምስጥ መርማሪው የጭቃ መንገዱን የሚያየው በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው።

መስኮቶቹን ለመዝጋት ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ከተዘጉም በኋላ የቀረውን እርጥበት የሚመጥጥ ማሽን ይገባና እርጥበቱን 50 ወይም 55 በመቶ ላይ እንዲያቆይ ይስተካከላል፤ ውሃው በባልዲ ሳይሆን በቱቦ ወደ ውጭ እንዲፈስ ይደረጋል።

ግንበኛው ታዲያ መስኮቶቹን ለምን ሠራቸው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ደንቡ ስላዘዘው ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ደንብ መሠረት መሬቱ ባልተሸፈነበት ቤት ለእያንዳንዱ 150 ስኩዌር ፊት 1 ስኩዌር ፊት የአየር ቀዳዳ ይጠየቃል። ይህ ልማድ ኤሲ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የተያዘ ነው፤ ያኔ ወለሉ በሰመር እንደ ዛሬ አይቀዘቅዝም ነበር። አሁን ደንቡ የተዘጋውንም ዓይነት፣ መሬቱ በሚገባ ታሽጎ እርጥበቱ በማሽን ወይም ከቤት በሚላክ አየር ቁጥጥር ከተደረገበት፣ ይፈቅዳል። አድቫንስድ ኢነርጂ የተባለው ድርጅት በሰሜን ካሮላይና፣ በፕሪንስቪል ከተማ፣ 12 ተመሳሳይ ቤቶችን አንዳንዶቹን በክፍት፣ ሌሎቹን በዝግ ክሮል ስፔስ እያወዳደረ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲከታተል፣ የተዘጉት በሰመር ይበልጥ ደርቀው ከመገኘታቸውም በላይ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚያወጡት ኃይል በ15 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። የአየር ጠባዩ ከእናንተ ጋር ስለሚቀራረብ ለእናንተም ይሠራል የሚል እምነት አለኝ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። «ነፃ ምርመራ» ብሎ የመጣ ሻጭ ከወለሉ ሥር ገብቶ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳየን፤ በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አደገኛ ሻጋታ ነው፣ ልጆቻችሁን ያሳምማል፣ ቦታው በሙሉ መታሸግ አለበት ብሎ 14 ሺህ ዶላር ጠየቀን፤ ቅናሹ ዛሬ ካልፈረማችሁ ይቀራል ስላለን ትናንት ማታ ፈረምን። ዋተር ሂተራችን (የውሃ ማሞቂያችን) በጋዝ የሚሠራ ሲሆን ያለውም እዚያው ከወለሉ ሥር ነው። ተሳስተን ይሆን? — ዳ. እና ሕ.፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ትናንት ማታ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። በቤታችሁ ውስጥ የተፈረመና ዋጋው 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ምክንያት ሳትሰጡ ልትሰርዙት እንደምትችሉ የፌዴራሉ ደንብ ይፈቅድላችኋል፤ በዚህ ቆጠራ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፣ እሑድና የፌዴራል በዓላት ግን አይቆጠሩም። ሻጩም የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ቅጂ ሊሰጣችሁ ይገባ ነበር። ቅጹን ፈርማችሁ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። ሥራው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚያስፈልገውን ሳያውቁ መፈረም ግን አያስፈልግም።

ስለ ነጩ ነገር በርቀት ፍርድ መስጠት ባልችልም ራሳችሁ ልትለዩት ትችላላችሁ። ውሃ በብሎኬት ውስጥ አልፎ ሲመጣ የሲሚንቶውን ጨው አሟሙቶ ያወጣና፣ ውሃው ሲተን ጨው ብቻ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በጣት ሲያሹት እንደ ጨው ይንኮታኮታል፣ ውሃ ሲረጩበትም ይሟሟል፤ ሻጋታ ግን አይሟሟም። ሻጋታ የሚበላው እንጨትና ወረቀት እንጂ ብሎኬት አይደለም፤ ስለዚህ ፍለጋችሁን ወደ ሞራሌዎቹ አዙሩ። ጨው ከሆነ ለጤናችሁ አያሰጋም፤ ግን ከግድግዳው ውጭ በኩል ውሃ እየተጠራቀመ መሆኑን የሚናገር ምስክር ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በላስቲክ መሸፈን ምስክሩን መደበቅ እንጂ ውሃውን ማስቆም አይሆንም። መጀመሪያ አሸንዳችሁን አስጠርጉ፣ የመውረጃ ቱቦዎቹንም ከግድግዳው አርቁ። 1,000 ስኩዌር ፊት በሆነ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲወርድ 623 ጋሎን ውሃ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ማዕዘን ከተደፋ መግቢያ አያጣም።

በደብዳቤያችሁ ውስጥ ያሳሰበኝ ግን ሻጩ ያነሳላችሁ ሻጋታ ሳይሆን ያላነሳላችሁ ዋተር ሂተር ነው። እሳቱ የሚነድበትን አየር ከአካባቢው የሚወስድ የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው ሁሉም ነገር ሲታሸግ አየር ያጥረዋል፤ ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ ወደ ኋላ ሊመለስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤታችሁ ሊገባ ይችላል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ከመታሸጉ በፊት ዋተር ሂተሩ አየሩን በራሱ ቱቦ በቀጥታ ከውጭ በሚወስድ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራ መተካት አለበት፤ ሂት ፓምፕ የተባለው የኤሌክትሪክ ዓይነት ሙቀቱን ከአየሩ ሲስብ እግረ መንገዱን እርጥበቱንም ስለሚያወጣ ለእንዲህ ያለ ቦታ ይስማማል፣ ቁመቱ ከገባላችሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አስጠንቃቂ መሣሪያውንም በየፎቁ ዛሬውኑ አድርጉ።

ሌላ ኮንትራክተር ስትጠሩ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ የምትጠይቁት ጥቂት ነገር ነው፦ የላስቲኩ ውፍረት ስንት ሚል እንደሆነ፣ ውሃ ቢገባ በየት እንደሚወጣ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም እርጥበቱ ከስንት በመቶ በታች እንደሚሆን ቃል እንደሚገባ። ቤታችሁ በጎርፍ ቀጣና ውስጥ ከሆነ በመሠረቱ ግድግዳ ላይ ያሉት አንዳንድ ቀዳዳዎች የጎርፍ መውጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጎርፉ ክብደት ግድግዳውን እንዳይደረምሰው ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 1 ስኩዌር ኢንች ተሰልተው የተተዉ ስለሆኑ መዘጋት የለባቸውም። ከታሸገም በኋላ ከአፈር የሚወጣውን ራዶን የተባለ ጨረራማ ጋዝ የሚለካ መመርመሪያ ገዝታችሁ ለኩ፤ 4 ፒኮኩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲስተካከል ይመክራል፣ ከላስቲኩ ሥር አየሩን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቱቦ ለመጨመርም መሬቱ ቀድሞ መታሸጉ ሥራውን ያቀልላል።

ሕ. በደብዳቤው ግርጌ «በረኪና ብንረጭበትስ?» ብላ ጨምራለች። ይኸው መሥሪያ ቤት በረኪናን ለሻጋታ ማጽጃነት እንደ ዘወትር ዘዴ አይመክርም፤ በዚያ ላይ አየር በማይገባበት ጠባብ ቦታ ውስጥ በደረት ተኝቶ በረኪና መርጨት ለሳንባ የከፋ ነው። ከ10 ስኩዌር ፊት ያልበለጠ ሻጋታ በሳሙናና በብሩሽ፣ ኤን 95 ጭምብልና ጓንት አድርጎ ይታጠባል። ውሃው ካልቆመ ግን በምንም ቢታጠብ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምንኖረው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ከወለላችን ሥር ውሃ ይተኛል፤ በሰመር ግን ደረቅ ነው። ጆርጂያ ያለችው እህቴ የአየር መስኮቶቹን ዝጉ ትለኛለች። ልዝጋ? — ብ. አ.፣ ዋሽንግተን ስቴት

መልስ፦ አይዝጉ፤ እህትዎ የተናገሩት ለራሳቸው አገር ልክ ነው። የሲያትል ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በቀዝቃዛው ወራት ሲሆን የሰመሩ አየር በአንጻሩ ደረቅ ስለሆነ፣ መስኮቶቹ እዚያ የተሠሩለትን ሥራ ይሠራሉ። የእርስዎ ችግር ተን ሳይሆን የሚፈስ ውሃ ነው፤ ለሚፈስ ውሃ ደግሞ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ማስገባት ጎርፍን በስፖንጅ መጥረግ ነው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ በዝናብ መሃል ገብተው ይዩ። መሬቱ ላይ ላስቲክ ካለ ውሃው ከላስቲኩ በላይ ነው ወይስ በታች? በላይ ከሆነ ከቧንቧ ወይም በግድግዳው በኩል የመጣ ነው፤ በታች ከሆነ ከመሬቱ እየመነጨ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡ። ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 10 ጫማ ውስጥ መሬቱ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት፤ የአበባ መደብዎ አፈር ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ወደ ቤቱ ዘንበል ብሎ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይቁረጡ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ውሃው ከሥር መመንጨቱን ካላቆመ፣ በውስጥ በኩል በግድግዳው ዙሪያ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ተቀብሮ ወደ ዝቅተኛው ማዕዘን ይወሰድና፣ እዚያ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ሳምፕ ፓምፕ ይቀመጣል። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያግድ ቫልቭ ይኑረው፤ መብራት የሚጠፋው ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት ስለሆነም ባትሪ ያለውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ባሠሩት ቤት እኖራለሁ። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ፣ ወለሉ በሞራሌ ላይ የተመታ ጣውላ ነው። ከ5 ዓመት በፊት ግቢውን ሲሚንቶ አስደረግን። ካለፈው ክረምት ወዲህ በግድግዳው ጥግ ያለው ወለል ሲረገጥ ይሰምጣል፣ ጠመዝማዛ መፍቻ ስወጋበትም እንደ ዳቦ ይገባል። አናጢው ሞራሌዎቹን ቀይሬ የተቃጠለ ዘይት ልቀባቸው ይላል። — አቶ ተ. ገ.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አቶ ተ.፣ አናጢው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይፈልጉልኝ። የድሮ ሠሪዎች እንዲህ ባለ ቤት የድንጋይ መሠረት ላይ፣ ከወለሉ ዝቅ ብለው፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ በብረት ፍርግርግ ወይም በወንፊት የተሸፈኑ ቀዳዳዎችን በትይዩ ይተዉ ነበር። ግቢው ሲሚንቶ ሲደረግ ምድሩ አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ከፍ ስለሚል፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ወይ ተደፍነዋል ወይ ጎርፍ መግቢያ ሆነዋል ብዬ እገምታለሁ። ጊዜው ራሱ ያሳብቃል፤ ከ60 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ የኖረ ወለል ሲሚንቶው በመጣ በ5 ዓመቱ ነው የበሰበሰው።

ለጆርጂያዋ ጠያቂያችን መስኮቶቹን ዝጊ ብለን ለእርስዎ ክፈቱ ማለታችን እርስ በርስ አይጣላም። በአዲስ አበባ ክረምት፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት፣ ውጭው 16 ዲግሪ ቢሆንና አየሩ በውሃ ቢሞላ እንኳ በሜትር ኩብ የሚሸከመው 13 ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ይህም ፀሐይ ከወጣበት የአትላንታ ከሰዓት በጣም ያነሰ ነው። ቤትዎ ኤሲ ስለሌለው ወለሉ ከውጭው አየር ይልቅ ቀዝቅዞ አይቆይም፤ ጤዛም አይቀመጥበትም። እዚህ ነፋስ ያደርቃል። ቀዳዳዎቹን ያስከፍቱ፤ አይጥ እንዳይገባም ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ያስገጥሙ። የምድሩ ከፍታ ቀዳዳዎቹን ካለፈ ከግድግዳው አጠገብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ሲሚንቶ አስቆርጠው፣ ወደ ቱቦ የሚያዘነብል ቦይ ያሠሩበት።

ከዚያ ቀና ብለው አሸንዳውን ይዩ። 100 ካሬ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ውሃ ናት፤ በአንድ የሐምሌ ዶፍ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 2,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 10 በርሜል፣ ከጣሪያው ይወርዳል። አሸንዳው ከዛገ ወይም ካልነበረ፣ ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውሃ አሁን ከሲሚንቶው እየነጠረ ግድግዳውን ይመታል።

የተቃጠለ ዘይቱን በተመለከተ፣ ምስጥ ይሸሸዋል፤ እንጨቱን ግን አያደርቅም፣ ሽታውም በጣውላው ስንጥቅ እየወጣ መኝታ ቤት ይገባል። አናጢው የሞራሌዎቹን ጫፍ ሲቀይር ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ እንዳያገናኛቸው ይንገሩት፤ በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ ይደረግ፣ በጫፉ ዙሪያም አየር የሚያልፍበት የጣት ስፋት ይተው። ወለሉ ተመልሶ ሲመታ ደግሞ ከሰመጠው ጥግ አንዷን ጣውላ በሚስማር ሳይሆን በብሎን ያሳስሩልኝ፤ በሚመጣው ነሐሴ መፍቻዎን ይዘው ያንኑ ጣውላ ያነሡና ሞራሌውን ደግመው ይወጉታል።